ጣና ወይስ ዝዋይ? ጀልባ ኮንትራት ለምትይዙ ደብረ ብርሃኖች

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ጥያቄ ነው። «ማኅበራችን ደሴት መሳለም ይፈልጋል፤ ጣና ይሻላል ዝዋይ?» ሁለቱንም ሄጃለሁ፤ ጣና ላይ ከስሬያለሁ። ከአሁኑ ልናገርና፣ እኔ የዝዋይ ሰው ነኝ።

ከእኛ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የዝዋይ ሐይቅ ከተማ ባቱ 160 ገደማ፣ ባሕር ዳር ግን ከ550 በላይ። የአልጋውን ወጪ እናንተ ደምሩት።

ባሕር ዳር ላይ ሌሎቹ 7,500 ብር ሲሉን አንድ ደላላ «በ6,000፣ ሙሉ ቀን፣ ደሴቶቹን በሙሉ» አለን። ጣና ላይ 37 ደሴት ይቆጠራል፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። መጀመሪያ የወሰደን ዘጌ ነው። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ልብ ይሰርቃል። ግን ዘጌ ደሴት አይደለም፣ በመኪናም ይገባል! ወደ ዳጋ ደሴት ስንል «የነዳጅ 2,000 ጨምሩ» መጣ። 1,500 አተረፍን ያልነው እዚያው በላን።

መሃል ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ክዳኑ ላይ የታወቀ የጃፓን ስም ተለጥፏል፤ ሲከፈት ከየሞተሩ የተለቃቀመ ነው። ልጁ ካንዴላውን ይነቅላል፣ በሸሚዙ ይጠርጋል፣ ይመልሳል፣ ገመድ ይስባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ነፋሱ ሲነሳ እናቶች «እግዚኦ» ማለት ጀመሩ። ላይፍ ጃኬት አንስቼ ብጨምቀው ስፖንጁ ዱቄት ሆኖ ወረደ።

ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ በዚያ ቅር አልተሰኘሁም። ደላላው ግን ከ12ታችን 7ቱ ሴቶች መሆናቸውን እያየ ዝም አለ። እኩል ከፍለው ዳር ላይ ቆሎ እየቆረጠሙ ጠበቁን። ከተማችንን የቆረቆረው የዘርዓ ያዕቆብ አጽም እዚያ እንዳረፈ ይነገራል። አንዲት እትዬ «ከደብረ ብርሃን መጥቼ ንጉሤን ከደጅ ልመለስ?» ያሉኝ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዝዋይ አምስት ደሴት አለው። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፣ ደብረ ጽዮን የሚባለው። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የተቀመጠችበት ነው ይላሉ። ዛይ የሚባለው ሕዝብ የሚኖርበት ደሴት ስለሆነ ሴት አይከለከልም፤ እናቶቻችን ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጥተው ተሳለሙ። ለጀልባው 3,600 ከፈልን፣ በነፍስ ወከፍ 300 ብር። የጣናው 667 ገደማ ወጥቶብናል። ጀልባው ጥላ የለውም፣ ወንበሩም እንጨት ነው። ይሁን።

ጣና ካላየሁ የሚል፣ ወንድ ብቻ ከሆናችሁ ዳጋ ሂዱ። ሴቶች ካሉ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ ይገባሉ። የትኛውንም ስትይዙ ግን ሞተሩ ፊታችሁ ሳይነሳ ብር አታውጡ። ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ ከሰዓት ማዕበል አለ። ባቱ ሙቀት ነው፣ ጋቢውን ቀንሱ። አረቄውንም እቤት ተዉት፤ ገዳም ነው የምትሄዱት።