ባዮጋዝን ለማጥራት፦ የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን ወይስ ዚዮላይት?

ከባዮጋዝ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለይተው ለማስቀረት የሚነሡ ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል፤ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራውን አክቲቬትድ ካርቦን (ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲበዙበት ተደርጎ የተዘጋጀ ከሰል) እንግዛ ወይስ 13ኤክስ የተባለውን ዚዮላይት (ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን መሰል ቁስ)? መልሴ ተለውጦ አያውቅም፤ ካርቦኑን ግዙ።

በሻጭ ወረቀት ላይ የሚያሸንፈው ዚዮላይቱ መሆኑን አልክድም። በ25 ዲግሪ ሙቀትና በ1 ባር ግፊት በንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲፈተን አንዱ ኪሎ 176 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል፤ የተለመደው የገበያ ካርቦን ግን ብዙውን ጊዜ ከ88 እስከ 132 ግራም ነው። ይሁን እንጂ ይህ የተለካው በደረቅ ጋዝ ሲሆን፣ ባዮጋዝ ከማብላያው (ፍግና ተረፈ ምርት ከሚብላላበት ገንዳ) የሚወጣው እርጥብ ሆኖ ነው። ዚዮላይት ከሁሉ አስቀድሞ የሚስበው ውኃን ስለሆነ፣ ጋዙ አስቀድሞ ካልደረቀ ቀዳዳዎቹ በእንፋሎት ይያዛሉ፤ ያን ውኃ ጨርሶ ለማስወጣትም እስከ 300 ዲግሪ ማሞቅ ያስፈልጋል። የማድረቂያው ዋጋና የመብራቱ ሒሳብ በደረሰኙ ላይ አይታዩም፤ ከኪስ የሚወጡት ግን እነርሱ ናቸው። ካርቦኑ ጋዙን ላላ አድርጎ ስለሚይዝ ግፊቱ ሲቀንስ ወይም ጥቂት ሲሞቅ ይለቀዋል። የምንፈልገውን የሚነድ ጋዝ፣ ሜቴንንም፣ አብሮ መያዙ እርግጥ ጉድለቱ ነው።

እኔ ዋጋ የማወዳድረው በኪሎ ሳይሆን በተያዘው ግራም ነው፤ ይህንንም የተማርሁት ከስሬ ነው። አንድ ጊዜ ከሌሎቹ በሲሶ የረከሰ ካርቦን አገኘሁ ብዬ ሁለት ከረጢት ገዛሁ። ጥቂት ፍሬ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ብጨምር እንደ ምድጃ ከሰል ከላይ ተንሳፎ ቀረ፤ በሜትሊን ብሉ ያቀለምሁት ውኃም በማግሥቱ እንደ ሰማያዊነቱ ነበር። ከዚያም የከሰሉ ብናኝ ቧንቧውን አልፎ የኮምፕሬሰሩን ቫልቭ ዘጋውና፣ ለጥገና የከፈልሁት በርካሽ ግዢው ካተረፍሁት በለጠ። እውነተኛው ካርቦን ውኃ ሲነካው እየተንጣጣ ጥቃቅን አረፋ ይለቃል፣ ቀስ በቀስም ይሰምጣል፤ ቀለሙንም ይውጠዋል።

የአዮዲን ቁጥሩ (አንድ ግራም ካርቦን የሚይዘው አዮዲን በሚሊግራም) 1000 ነው ቢሏችሁ ደስ ይበላችሁ እንጂ በዚያ ብቻ አትርኩ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጥብቀው የሚይዙት ከ1 ናኖሜትር የጠበቡት ቀዳዳዎች ሲሆኑ፣ የአዮዲኑ ፈተና ሰፋ ያሉትንም አብሮ ይቆጥራል። ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ ኬሚካል የተዘጋጀው ካርቦን ዚዮላይቱን ሊስተካከል ይችላል፤ ዋጋው ግን ለቤት ማብላያ የሚቀመስ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 0.04 በመቶ ብቻ ከሆነው ተራ አየር ላይ ለመያዝ ለሚያስብ ግን የእኔ ካርቦን አይሆነውም፤ እንዲህ በሳሳ ጋዝ ላይ እምብዛም አይዝም።