ሆዴ ላይ የወጣው ቀበቶ፦ ከስምንት ወር የሃርነስ ኑሮ በኋላ

ኤፕሪል ላይ ነው። ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና ውድድር ሜዳ፣ ዋናው ትራክ። ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ፣ አንደኛው መታጠፊያ ጋ ከመድረሴ በፊት ፍሬን በኃይል ያዝኩ። ፍጥነቴ በሰዓት ወደ 100 ማይል ነበር። ትከሻዬ ከወንበሩ አልተላቀቀም። ሃርነሱን፣ ማለትም ተወዳዳሪዎች የሚታሰሩበትን ባለ ብዙ ማሰሪያ ቀበቶ፣ ያስገጠምኩት ለዚህ ነበር። ግን ሆዴን የሆነ ነገር ጨመቀኝ። መታጠፊያውን እንደጨረስኩ እጄን ሰደድኩ። ጠዋት ዳሌዬ ላይ ዝቅ አድርጌ ያጠበቅኩት ቀበቶ እምብርቴን አልፎ ወጥቷል። መቆለፊያው የጎድን አጥንቴ ሥር ገብቷል።

የምጽፈው ስለዚያ ቀበቶ ነው። ስለ ሃርነስ ሌላውን ሁሉ በሁለት መስመር መጨረስ እችላለሁ። ይሄን ግን በሁለት መስመር አልለቀውም።

መኪናዬ የ2001 ማዝዳ ሚያታ ናት። ትንሽ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራዋ የሚታጠፍ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ከቤቴ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ትራኩ 2 ማይል ነው፣ 10 መታጠፊያ አለው። ትራክ ዴይ ውድድር አይደለም። የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ አጠገባችሁ አሰልጣኝ ተቀምጦ መኪናችሁ የምትችለውን ያህል ትነዳላችሁ። በጣም እወደዋለሁ። ሳምንት ሙሉ የሥራ ጭንቀት ተሸክሜ ሄጄ ቀልሎኝ ነው የምመለሰው።

ሃርነስ የፈለግኩት በቂ ምክንያት ኖሮኝ ነው። የፋብሪካው ወንበር ገላን አይዝም። ቀኝ ስታጠፉ ወደ በሩ ትንሸራተታላችሁ፣ ጉልበታችሁን በሩ ላይ ትደግፋላችሁ፣ መሪውን ለመንዳት ሳይሆን ላለመውደቅ ትይዙታላችሁ። መሪውን እንደዚያ የጨበጠ ሰው ጎማው የሚለውን አይሰማም። ስለዚህ ማርች ላይ ወደ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ።

ሻጩ ጥሩ ሰው ይመስላል። ወንበሬን ጠየቀኝ። የፋብሪካው ነው አልኩት። “እንግዲያው ባለ አራት ማሰሪያው ይበቃሃል” አለኝ። “ባለ ስድስቱ ለባለሙያ ተወዳዳሪ ነው። ለትራክ ዴይ አራቱ ከበቂ በላይ ነው። ወንበርህንም መቀየር የለብህም።” ሁለት ገዛሁ። ለአሰልጣኙም ወንበር ያስፈልጋል፤ ብዙ አዘጋጆች ሹፌሩ የታሰረበትን ዓይነት ቀበቶ ጎን የሚቀመጠውም እንዲታሰር ያስገድዳሉ፣ ልክም ናቸው። ለሁለቱ 180 ዶላር ከፈልኩ።

ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ በልቤ እከራከረዋለሁ። መኪና ስነዳ፣ ዕቃ ሳጥብ ሳይቀር።

ወንድሜ፣ “ይበቃሃል” ስትለኝ ምኑን ነው ያሰብከው? ባለ አራት ማሰሪያ ሃርነስ ሁለት የትከሻ፣ ሁለት የወገብ ማሰሪያ አለው። አራቱም ሆድ ላይ ባለ አንድ መቆለፊያ ይገናኛሉ። ፍሬን ስይዝ ደረቴ ወደፊት ይሄዳል። የትከሻዎቹ ይወጠራሉ። ሲወጠሩ መቆለፊያውን ወደ ላይ ይስቡታል። ወደ ታች የሚይዘው ምን አለ? ምንም። ስለዚህ የወገቡ ማሰሪያ ከዳሌ አጥንት ተንሸራቶ ሆድ ላይ ይወጣል። ዳሌ ጠንካራ ነው፣ ክብደት ይሸከማል። ሆድ ውስጥ ያለው ጉበትና አንጀት ነው።

በፍሬን ጊዜ ነገሩ በመጨነቅ ያልፋል። ግጭት ቢሆን ግን ገላ በቀበቶው ሥር ወደፊት ይሾልካል፤ ቀበቶው የሆድ ዕቃን ይጨፈልቃል፣ አከርካሪንም ይጎዳል። በእንግሊዝኛ ሰብማሪኒንግ የሚሉት ይህን ነው፤ ስሙ ከሰርጓጅ መርከብ የመጣ ነው። በባለ ስድስቱ በጭን መሃል የሚያልፉት ሁለት ማሰሪያዎች ዋና ሥራቸው መቆለፊያውን ወደ ታች መያዝ ነው። የባለሙያ ቅንጦት አይደሉም። ከ180 ዶላር ጋር አብረህ ልትነግረኝ የሚገባው ይህን ነበር።

ደግሞ የፋብሪካውን ቀበቶ አስቡት። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን በ1959 ያወጣው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ነው። የወገቡ ክፍል ከመቀመጫው ጎን ታች ላይ ስለሚታሰር ዳሌ ላይ ይቆያል። ደረትን የሚይዘው አንድ ሰያፍ ማሰሪያ ብቻ ስለሆነ ገላ ትንሽ ይዞራል እንጂ ከሥር አይሾልክም። እኔ ገንዘብ ከፍዬ ይሄን ትቼ በባሰ ነገር ታሰርኩ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ለእውነት ያህል፣ በደንብ የታሰበባቸው ባለ አራቶችም አሉ። የጀርመኑ ቀበቶ አምራች ሽሮት ኤ ኤስ ኤም የሚለው አሠራር አለው። ከትከሻ ማሰሪያዎቹ በአንደኛው ላይ የተሰፋ እጥፋት አለ፤ በግጭት ጊዜ ስፌቱ ይተረተርና ማሰሪያው ይረዝማል። አንድ ትከሻ ቀድሞ ስለሚሄድ ገላ እንደ ባለ ሦስቱ ይዞራል። የእኔ እንደዚያ አልነበረም። ቀይ ነበር፣ ያምር ነበር፣ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የኤፍ አይ ኤ መለያ ግን አልነበረውም።

ያን ቀን ያዳነኝ አጠገቤ የነበረው አሰልጣኝ ነው። በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ስንቆም ምንም ሳይል የራሱን መቆለፊያ አሳየኝ። የእሱም ሆዱ ላይ ወጥቷል። ከዚያ የፋብሪካውን ቀበቶ እንድናስር ጠየቀኝ። እሱን አልነቀልኩትም ነበር፣ ሃርነስ ለመንገድ ስለማይሆን። በፋብሪካው ቀበቶ ቀኑን ጨረስን። አንድ ዘዴም አሳየኝ፦ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉ፣ ቀበቶውን እሰሩ፣ የትከሻውን ማሰሪያ ባንድ ጊዜ ጎተት አድርጋችሁ እንዲቆልፍ አድርጉ፣ እንደተቆለፈ ወንበሩን ወደፊት መልሱ። በደንብ ይይዛል። ለጀማሪ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም።

ጁን ላይ፣ ባለ ስድስቱን ለማስገጠም፣ ሥራውን እንደገና ጀመርን። “ጀመርን” የምለው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውን አበሻ መካኒካችንን ጨምሬ ነው። ጋሼ ነው የምለው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። ሮል ባሩ፣ መኪናዋ ብትገለበጥ ጭንቅላትን የሚከላከለው ከወንበሩ ኋላ ያለው ብረት፣ ቀድሞም ነበር። ጣራ የሌላትን መኪና ያለ ሮል ባር ሃርነስ ማስገጠም በፍጹም አይሆንም፤ ብትገለበጡ ሃርነሱ ቀጥ አድርጎ ስለሚይዛችሁ ጭንቅላታችሁን ዝቅ ማድረግ አትችሉም።

ጋሼ የትከሻዎቹን ማሰሪያ ከወንበሩ ኋላ ወለሉ ላይ በብሎን ሊያስር ነበር ሐሳቡ። ቀላሉ እሱ ነው። የሃርነሱን መመሪያ አሳየሁት። ማሰሪያው ከትከሻ ተነስቶ ወደ ኋላ ቀጥ ማለት አለበት፣ ቢያዘቀዝቅም ከ20 ዲግሪ ባይበልጥ። ወለሉ ላይ ከታሰረ በግጭት ጊዜ ትከሻን ወደ ታች ይጫናል፣ ጫናው አከርካሪ ላይ ያርፋል። ጋሼ ሥዕሉን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ “ልጄ፣ ይሄንን ሳታሳየኝ ብሠራው ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር” አለኝ። የሮል ባሩ አግዳሚ ብረት ላይ ጠመጠምነው። ለወገብና ለጭን መሃል ማሰሪያዎቹ ወለሉን በሳ፣ ከላሜራው ሥር ወፍራም ብረት አደረገ፣ ብሎኑ ቀጭኑን ላሜራ ቀዶ እንዳይወጣ።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልበል። ማሰሪያው የሚያልፍባት ባለ ሦስት ዘንግ ማስተካከያ ብረት አለች። ጫፉን አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፋችሁ አትተዉት። መልሳችሁ እጠፉትና ድጋሚ አሳልፉት፣ ጅራቱንም ረዘም አድርጋችሁ ተዉ። አለዚያ ሲጎተት ይንሸራተታል። የሌላ ሰው ያስገጠመውን ከገዛችሁ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን።

ባለ ስድስቱ ወንበርም ያስቀይራል፤ በመቀመጫው መሃል ማሰሪያዎቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ መኖር አለበት። ሁለት ሃርነስ 500፣ ሁለት ወንበር 900 ዶላር ወጣብኝ። ብዙ ነው። ከመጀመሪያው እውነቱን ብሰማ ግን ወይ አጠራቅሜ በአንድ ጊዜ እሠራው ነበር፣ ወይ የፋብሪካውን ቀበቶ ይዤ እቆይ ነበር። ሁለቱም ትክክለኛ ውሳኔ ናቸው። መሃሉ ላይ ያለው ነው ስህተቱ፣ እኔም የተሸጠልኝ መሃሉ ነው።

ሃንስ የሚባለውን የጭንቅላትና የአንገት መከላከያም ገዛሁ። ገላ ሙሉ በሙሉ ሲታሰር ጭንቅላት ብቻውን ወደፊት ይወረወራል፣ አንገት ያን አይችልም። ታዋቂው የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት በፌብሯሪ 2001 ዴይቶና ውድድር ላይ የሞተው የራስ ቅሉ ሥር ተሰብሮ ነው። ሃንስ ያኔም ነበር። የሠራው የሚሺጋን ስቴት ፕሮፌሰሩ ሮበርት ሃባርድ ነው፣ ከተወዳዳሪው ጂም ዳውኒንግ ጋር። የአሜሪካው የመኪና ውድድር ድርጅት ናስካር ግን የጭንቅላትና የአንገት መከላከያን ያስገደደው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ያንን ሳነብ ሌላ ክርክር አላስፈለገኝም።

ከጁን እስከ ኦክቶበር አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አሁን ያ አንደኛው መታጠፊያ ጋ ፍሬን ስይዝ መቆለፊያው ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አይልም። መሪውን በጣቶቼ ነው የምይዘው። ጉልበቴ አይበልዝም። የፊት ጎማዎቹ መያዣ ሲያጡ መሪው ላይ ይሰማኛል፤ ድሮ አይሰማኝም ነበር። አንዳንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። መስታወት ሳታስተካክሉ ከታሰራችሁ አለቀ፣ እጅ አይደርስም። መጀመሪያ የወገቡን ዝቅ አድርጎ ማጥበቅ፣ የትከሻውን መጨረሻ ላይ መሳብ፤ ይህ በሦስተኛው ጊዜ ይለመዳል። ማሰሪያውን ፀሐይ ስለሚጎዳው መኪናዋ ስትቆም እሸፍነዋለሁ። መለያው ላይ ያለውንም ቀን እዩ፤ የኤፍ አይ ኤው ማብቂያ ዓመቱ ተጽፎበታል፣ የአሜሪካው የደህንነት መለያ የኤስ ኤፍ አይው ከተሠራበት ቀን ሁለት ዓመት ነው።

ባለ ስድስቱን እንደገና እገዛዋለሁ ወይ? ነገ ጠዋት እገዛዋለሁ። ባለ አራቱን ግን ለጠላቴም አልሰጥም።

ሴፕቴምበር ላይ አንድ ልጅ ትራኩ ላይ አገኘኝ። አዲስ ጀማሪ ነው፣ እንደኔ ሚያታ አለው። ቀዩን ሃርነስ ጋራዥ ውስጥ ማስቀመጤን ሰምቶ በ60 ዶላር ልግዛህ አለኝ። አልሸጥልህም አልኩት፤ ለምን እንደሆነም ቁጭ ብዬ ነገርኩት። የፋብሪካ ቀበቶውን እንዴት እንደሚቆልፈው አሳየሁት። ማታ ቤት ስገባ ሃርነሶቹን ከመደርደሪያው አወረድኳቸው። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ የወጥ ቤቱ መቀስ እንቢ አለ። የጋራዡን ትልቅ መቀስ አምጥቼ ስምንቱንም ማሰሪያ አንድ በአንድ ቆረጥኩ።