ሮቶ ወይስ ጀሪካን?
ድሬዳዋ ላይ ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሮቶ ያለውና ጀሪካን የደረደረ። 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ለሰው በቀን 4 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰያ ብንይዝ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት 50 ቀን ይበቃል። እዚህ ላይ ጀሪካን አይወዳደርም።

ግን የድሬ ፀሐይ! ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ከሰዓት በኋላ ለሻይ የተጣደ ይመስላል። ክሎሪኑም በሙቀት ቶሎ ይጠፋል። አንዴ ከቆሸሸ ደግሞ ያለው ሁሉ ተበላሸ፤ ጀሪካን አንዱ ቢሸት ሌላው አለ። የ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው። ሮቶ ተሸክሞ የሚሮጥ የለም።

እኔ ለማጠቢያ ሮቶ፣ ለመጠጥ አልጋ ሥር አራት ጀሪካን አለኝ። ከጎኑ በሶ፤ እሳት አይፈልግም። የዘይት ጀሪካን ከሆነ ደህና አድርጋችሁ እጠቡት። ኬሚካል የነበረበት ግን ለውሃ አይሆንም።