ፋይዳ መታወቂያ፦ ጣት ሲነበብና ሳይነበብ

ፍርዴን ከፊት ልናገር። የአገራችንን ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳን፣ ያላወጣችሁ አውጡ። ምዝገባው ነፃ ነው፣ አሠራሩ ሥርዓት አለው፣ ከቀበሌ መታወቂያ ጋር ደግሞ ጨርሶ አይወዳደርም። አንድ ከባድ ቅሬታ ግን አለኝ። ማሽኑ ጣቱን ያላነበበለት ሰው ምን እንደሚሆን የታሰበበት ይመስላል፣ ሐሳቡ ግን መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ዘንድ አልደረሰም። ይህን ጽሑፍ ረዘም ያደረግሁት ለዚህ ቅሬታ ስል ነው።

መጀመሪያ ከፋይዳ በፊት የነበረውን እናስታውስ። የቀበሌ መታወቂያ ማለት ጉርድ ፎቶ የተለጠፈበት ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ ስም፣ ከፊሉ ፎቶው ላይ ከፊሉ ወረቀቱ ላይ ያረፈ ማህተም ነው። አንዱ ቀበሌ ሌላው ቀበሌ ለማን እንደሰጠ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት መታወቂያ ይዞ ሁለት ባንክ ሄዶ ቢበደር ማን ይደርስበታል? ፎርጅዱም እንደ ልብ ነበር። በብዙ ቦታ ደግሞ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረበት፤ ያ መስመር ኬላ ላይ ሲነበብ ምን ያህል ሰው ልቡ እንደሚመታ የደረሰበት ያውቀዋል። ፋይዳ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ ዜግነት፣ በቃ። እኔ ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዚህ ብቻ ጥሩ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ወደ ምዝገባው። ጣቢያው ውስጥ የምትቀመጡበት ወንበር ከኋላው ነጭ መጋረጃ አለው፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። ከዚያ ሁለት ዓይን ያለው፣ የርቀት መነጽር የሚመስል ዕቃ ፊታችሁ ላይ ይመጣል፣ የዓይናችሁን አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለቀለም ክፍል) ያነባል፣ ዓይን ሳትጨፍኑ ለአፍታ መቆየት ብቻ ነው። ከዚያ አሥሩም ጣት፤ የቀኝ አራት፣ የግራ አራት፣ በመጨረሻ ሁለቱ አውራ ጣቶች አንድ ላይ። ዶክመንት የሌለው ሰው ደግሞ የሚያውቀው ምስክር ይዞ መምጣት ይችላል፣ ይህ ከገጠር ለሚመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚያማርረው የመታወቂያ ቁጥሩ ቶሎ አለመምጣቱን ነው። እሱን ግን እኔ አላማርርም፣ ምክንያት አለው። ሥርዓቱ ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። ስትመዘገቡ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ከዚህ በፊት በሌላ ስም ተመዝግቧል ወይ?» ብሎ ነው፣ ለዚህም የእናንተን ጣትና ዓይን እስካሁን ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ጋር ያስተያያል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ውስጥ ጣት ብቻውን ስለማይበቃ ነው ዓይኑም የተጨመረው። ባንክ ስትሄዱ ግን ጥያቄው ይቀላል፦ «ይህ ሰው እኔ ነኝ ያለው ሰው ራሱ ነው ወይ?» እሱ ከአንድ መዝገብ ጋር ብቻ ማስተያየት ስለሆነ ወዲያው ይመለሳል። ድጋሚ የተመዘገበ ሰው የሚያዘውም በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ስሙን ቢቀይር፣ ጢም ቢያሳድግ፣ ከተማ ቢቀይር ጣቱና ዓይኑ ያጋልጡታል።

እዚህ ጋ ግን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ጣትና ዓይን ስለሚያነብ «ባዮሜትሪክ ስለሆነ አይዋሽም» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ማሽኑ የሚያረጋግጠው ሰውዬው አንድ መሆኑን ነው። ስሙ እውነተኛ መሆኑን አያውቅም። የመጀመሪያ ቀን በፎርጅድ የቀበሌ መታወቂያ ገብቶ የሌላ ሰው ስም ያስመዘገበ ሰው ያ የውሸት ስም በአሥር ጣቱና በሁለት ዓይኑ ታትሞ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ በየሄደበት «ትክክል ነው» ይባላል። ስለዚህ የደህንነቱ ጥንካሬ ያለው ስካነሩ ላይ ብቻ አይደለም፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ተቀብሎ ከባለቤቱ ጋር የሚያመሳክረው መዝጋቢ ላይም ነው። እኔ የገጠመችኝ መዝጋቢ ጎበዝ ነበረች። የአያቴን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል አስነብባኝ ነው ያለፈችው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አክስቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፣ እንጀራውም አለ፣ አመዱም አለ። የቀኝ አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ላይ መስመር የሚባል ነገር የለም፣ እንደ መስታወት ልስልስ ብሏል። የግራዋ አለፈ። የቀኟ ላይ ስክሪኑ ቀይ፣ አሁንም ቀይ። መዝጋቢዋ «እማማ፣ ትንሽ ጫን ያድርጉት» አለቻት። «ጫንኩት እኮ ልጄ፣ ከዚህ በላይ ዕቃውን ሰበርኩብሽ» አለች አክስቴ። ልጅቷ ሳቀች፣ ግን አልሰለቸችም። ጣቷን በእርጥብ ሶፍት ጠረገችላት፣ ትንሽ ቅባት ቀባቻት፣ እንደገና ጠረገችው፣ የራሷን እጅ ከላይ አድርጋ ቀስ ብላ ጫነችላት። ቀኙ ደካማ ሆኖ ተመዘገበ። ዓይኗ ግን ወዲያው ተነበበ። ቁጥሩም በስልክ መልእክት መጣ። እስከዚህ ድረስ እንከን አላየሁበትም፣ ልጅቷንም እግዜር ይስጣት ብዬ ወጣሁ።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። አንድ ባንክ ሄድን፣ ስሙን አልጠራም። ከታህሳስ 23 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግድ ስለሆነ ቁጥሯን ሰጠን። ሠራተኛው ትንሽ የጣት ማንበቢያ አቀረበላት፣ ያለማንገራገር የቀኝ አውራ ጣቷን ጠየቃት። አላነበበም። ደግሞ አላነበበም። ግራዋን ይሞክሩ አልኩት፤ «ቀኝ ነው የሚለው» አለኝ። አይሪስ ማንበቢያ የላቸውም። በኦቲፒ፣ ማለትም በስልክ መልእክት በሚላከው የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር አድርጉላት አልን፣ ቁጥሩ የሚላከው ወደተመዘገበው ስልክ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ልጇ ጋ ነው፣ ልጇ ክፍለ ሀገር ነው። «እንግዲህ ሄደው አሻራዎን ያስተካክሉ» ተባለች። ሰባዎቹን ያለፈች ሴት ጣቷን የት ሄዳ ነው የምታስተካክለው? ለሃምሳ ዓመት ሠርታ ያለቀ ጣት እኮ ነው። እሷ ደግሞ አልተከራከረችም፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ተነሳች። እኔ ነኝ ሥራ አስኪያጅ ካላናገርኩ ያልኩት። ሥራ አስኪያጇ ልጇ ጋ አስደውላ ኦቲፒውን ተቀብላ በጥቂት ደቂቃ ጨረሰችልን። መፍትሔው እዚያው ነበር ማለት ነው፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን አልተነገረውም። ለዚያውም ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ኦቲፒን በስልክ ተነባቦ መቀበል ራሱ ልክ አይደለም፣ አጭበርባሪ የሚፈልገው ይህንኑ ልማድ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ህንድ አድሃር የሚባለውን የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ከኛ ቀድማ ጀምራ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው መዝግባለች። እዚያ ጃርክሃንድ በሚባለው ግዛት የቀን ሠራተኞችና አዛውንቶች ጣታቸው አልነበብ ብሎ፣ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ የመንግሥት እህል ሳያገኙ የተመለሱበት ብዙ ተጽፏል። በ2018 እ.ኤ.አ. የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድሃር ለመንግሥት ድጎማ ይቀጥል ብሎ የባንክ ሒሳብንና የስልክ ቁጥርን ከሱ ጋር ማያያዝ ግን ግዴታ ሊሆን አይችልም አለ። እኛ አሁን እየሄድን ያለነው ወደ ባንክ ግዴታው ነው። መሄዱን አልቃወምም፣ የባንክ ማጭበርበር ያንገበገበው ሰው ሁሉ ይገባዋል። ግዴታ ካደረጋችሁት ግን አማራጩም ግዴታ ይሁን ነው የምለው። አሥር ጣት ተመዝግቦ እያለ በአንድ ጣት ብቻ ሰው አይመለስ። ጣት ከሌለ ዓይን፣ ዓይን ከሌለ ፊት፣ ሁሉም እንቢ ካለ ሥልጣን ያለው ሰው አይቶ የሚፈርምበት መንገድ ይኑር፣ ያም መስኮቱ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ።

ሌላው የሚያናድደኝ ፎቶ ኮፒ ነው። ይህን ሁሉ ስካነርና ሰርቨር አቁመን፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ኪው አር ኮድ አስቀምጠን፣ ቢሮ ስትሄዱ «የፋይዳ ኮፒ ፊትና ጀርባ» ይላችኋል። ኮፒውን ማንም አያነበውም፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ካርዱ ላይ ስልካችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ቁጥራችሁ አለ። ሁለት ቁጥር እንዳለውም እወቁ፦ 12 አሃዝ ያለው ዋናው ነው፣ የዕድሜ ልክ። 16 አሃዝ ያለው ደግሞ ለሌላ ሰው እንድትሰጡት የተዘጋጀ ተለዋጭ ቁጥር ነው። ዋናው ቁጥር እንዳይበተን ታስቦ እኮ ነው ሁለት የተደረገው። ከዚያ ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርገን በየመሳቢያው እንበትነዋለን።

ስለ መረጃው ጥበቃ የምትጠይቁ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ። የስልክ ፒን ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ዓይንና ጣት አይቀየርም። ሕጉ አለ፦ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ ከሱ በኋላ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፣ መመዝገቡ ቀድሞ ጥበቃው ነው የተከተለው። ኬንያ ውስጥ በ2021 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት የአገሪቱን ዲጂታል መታወቂያ፣ የሁዱማ ናምባን ሥራ ሕጋዊ አይደለም ያለው መረጃው ላይ ሊደርስ የሚችለው አደጋ አስቀድሞ አልተጠናም ብሎ ነበር። የፋይዳ ሶፍትዌር ራሱ ሞሲፕ የሚባል ነው፣ ህንድ ባንጋሎር የተሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ፊሊፒንስና ሞሮኮም የሚጠቀሙበት። ይህን እወደዋለሁ፣ አንድ ኩባንያ አገሩን በሙሉ ቁልፍ ይዞበት አይቀመጥም። ግን ክፍት ኮድ መሆኑ መረጃውን ማን እንደሚያይ አይወስንም። እኔ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው፦ የኔን መዝገብ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ መቼ እንደጠየቀ የፋይዳ አፕ ላይ በግልጽ ተዘርዝሮ ማየት።

እናቶቻችን ጎረቤት ቁጭ ብለው «አሻራ ተሰጥቶ ምን ይመጣ ይሆን» ሲሉ ደግሞ አላዋቂነት አድርጋችሁ አትዩት። በዚህ አገር አሻራ ብዙ ቤት ገብቷል። አውሮፓ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩሮዳክ በሚባል መዝገብ የጥገኝነት ጠያቂዎችን አሻራ ይይዛል። በሊቢያ በኩል ጣሊያን ገብቶ አሻራ የሰጠ ልጅ ጀርመን ወይም ስዊድን ቢደርስ እንኳ «ዱብሊን» ተብሎ፣ ማለትም ጉዳይህ መጀመሪያ በገባህበት አገር ይታይ በሚለው የአውሮፓ ደንብ፣ ሊመለስ ይችላል። ያንን ፈርተው የጣታቸውን ጫፍ በእሳት ያቃጠሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ከሳዑዲ ተይዛ የተመለሰች ልጅም በሌላ ስም ፓስፖርት አውጥታ ብትመለስ የሳዑዲ አየር ማረፊያ ላይ ጣቷ እንደሚያስይዛት ታውቃለች። ይህን ያየ ቤተሰብ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። መዝጋቢዎች ለምን እንደሚወስዱት፣ ማን እንደሚያየው፣ በሰው ቋንቋ ሊነግሩት ይገባል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የዓለም ባንክ በ2016 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ 350 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል፣ ዕቅዱ 90 ሚሊዮን ሰው መመዝገብ ነው። 90 ሚሊዮን ውስጥ ስንት ገበሬ፣ ስንት ሸማኔ፣ ስንት ድንጋይ ፈላጭ እንዳለ አስቡት። የዚህ አገር ሰው በጣቱ ሠርቶ ነው የሚያድረው።

ከአምስት ነጥብ ስጥ ብትሉኝ ምዝገባውን አራት ተኩል፣ ከምዝገባ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን አጠቃቀም ሁለት እሰጠዋለሁ።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር። በማለዳ ሂዱ። ስማችሁ ፓስፖርታችሁ ወይም ባንካችሁ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ይዛችሁ ሂዱ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ቢለይ በኋላ ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው። የትውልድ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚጻፍ ሁለቱንም አዩ። እጃችሁ የሚደርቅ ከሆነ ከቤት ስትወጡ ቅባት ተቀቡ። ካርዱን ማሳተም ያስከፍላል፣ ስልካችሁ ላይ ማውረድ ግን ይበቃል። ኦቲፒ ለማንም አትስጡ፣ ደውሎ «ከፋይዳ ነው» ቢላችሁም። ከሁሉ በፊት ደግሞ የምታስመዘግቡት ስልክ በእጃችሁ ያለ፣ በስማችሁ የወጣ ይሁን፣ እናትና አባታችሁን ስትወስዱም ሲማቸውን መጀመሪያ በራሳቸው ስም አውጡላቸው።