የወፍጮ ሞተሬ፣ አንድ ጀሪካን ዘይትና አንዲት ሰዓት ቆጣሪ፦ ከ8 ወር በኋላ

ወፍጮ ቤቴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ነው ያለችው። መብራት እስከዛ አልደረሰም። ድንጋዩን የሚያዞረው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ባለፈው ጥቅምት ሁለት ነገር ገዛሁለት። አንዱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ደብልዩ 40 የናፍጣ ሞተር ዘይት ነው። ሌላው የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ንዝረት ሲሰማት የምትቆጥር ሰዓት ቆጣሪ ናት። አሁን ሰኔ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩን ያመጡት አጎቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ሜካኒክ ናቸው። ወጣት ሳሉ ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ፣ ሳፊር የሚባሉትን የስዊድን ማሰልጠኛ አውሮፕላኖች ይጠግኑ ነበር። (ደብረ ዘይት ኖረው ዘይት ባይወዱ ነበር የሚገርመኝ።) ለመስቀል ሲመጡ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ስንት ሰዓት ሠርቷል?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ይቆጥራል!»

«ታዲያ ዘይቱን የምትቀይረው በምን አውቀህ ነው?»

«ሲጠቁር ነዋ።»

ከት ብለው ሳቁብኝ። ለካ የናፍጣ ሞተር ዘይት በገባ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጥቆሩ ያለ ነው። ጥላሸቱን አጥቦ ተሸክሞ ይዞራል፤ ሥራው ያ ነው። እዚህ መንዝ ላይ ደግሞ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ይሳሳል። ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ጥላሸቱም ይበዛል። በቀለም ብሄድ ኖሮ በየሳምንቱ መቀየር ነበረብኝ። እኔ ግን «ትንሽ ይቆይ» እያልኩ አንድ ወር ተኩል አስኬደው ነበር።

ጋሼ እንደሚሉት የእኔ ሞተር ከመኪና ይልቅ ለትንሽ አውሮፕላን ይቀርባል። ኪሎሜትር የለውም። በአንድ ፍጥነት፣ ከነሙሉ ሸክሙ፣ ለሰዓታት ይሠራል። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ላይኮሚንግ የተባለው የአሜሪካ ሞተር አምራች የዘይት ፊልትሮ ላለው ሞተር በየ50 ሰዓቱ፣ ወንፊት ብቻ ላለው በየ25 ሰዓቱ ቀይሩ ይላል። ሰዓቱ ባይሞላም 4 ወር ካለፈው ይቀየራል። የእኔም ሞተር ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ደንግጬ «በ25 ልቀይር?» ስል ግን ጋሼ ተቆጡ። የአውሮፕላኑ ሞተር በአየር የሚበርድ ነው፤ ሲግል ስለሚሰፋ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ወደ ኮፓው (ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ገንዳ) የሚያልፈው ጭስ ይበዛል። ቤንዚኑም እርሳስ አለበት። የሰው ቁጥር አትውሰድ፣ የራስህን ሞተር መጽሐፍ አንብብ አሉኝ። መጽሐፉን ከእህል ጆንያ ሥር ፈልጌ አገኘሁት። 100 ሰዓት ይላል። እስከዛሬ ገልጬው አላውቅም ነበር።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። ድሮ የምገዛው ከበርሜል በሊትር የሚቀዳ 40 ቁጥር ነበር። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲወርድ እንደ ማር ይወፍራል። ጠዋት ሞተሩን በእጅ ለማስነሳት ሁለት ሰው እንፈራረቃለን፤ ልጄ አንዴ እጁን ሊሰብር ነበር። 15 ደብልዩ 40 ሲገባ ልዩነቱ በመጀመሪያው ጠዋት ታየ። ደብልዩ ያለበት ቁጥር በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ 40 ደግሞ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት። ስለዚህ ሲሞቅ እንደ ድሮው 40 ነው፣ ጠዋት ግን ቀጭን ነው። አሁን ብቻዬን አስነሳዋለሁ። ዋጋው ከበርሜሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ እሱን አልደብቃችሁም።

በጣም የጠቀመኝ ግን ዘይቱም ቆጣሪዋም አይደሉም። ወንፊቱ ነው። ጋሼ «ዘይት ስትቀይር ወንፊቱን ሳታይ አትዝጋ» ብለውኝ ነበር። አውሮፕላን ላይ ፊልትሮውን በመቁረጫ ከፍተው፣ ወረቀቱን ዘርግተው፣ በብርሃን ብረት ይፈልጋሉ። እኔ ወንፊቱን በናፍጣ አጥቤ እጣቢውን ነጭ ሳህን ላይ አፈሳለሁ። ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ አሳልፍበታለሁ። በ100 ሰዓት ጥቂት ጥቁር ብናኝ ተለጠፈ። በ200ም እንደዚያው። በ300 ሰዓት ግን ሳህኑ ላይ ወርቅ የሚመስል ነገር ቀረ። ማግኔቱን ባሳልፍ ባመላልስ ንቅንቅ አላለም። በጣቴ ስነካው አሸዋ አሸዋ ይላል። ብረት ቢሆን ይነሳ ነበር። ያልተነሳው ብሮንዚን (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) ነው ማለት ነው። ስከፍተው የፒስተኑ ክንድ ብሮንዚን አንድ ጎኑ ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል። ብሮንዚኑን ብቻ ቀይሬ ዳንኩ። ድምፁን እየሰማሁ ብጠብቅ ኖሮ ኮሎውንም (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዋና ዘንግ) ይዞት ይሄድ ነበር፤ ያኔ ደብረ ብርሃን ድረስ ጭኖ መሄድ ነው።

ቆጣሪዋ ጥሩ ናት፤ ግን ቂል ናት። ሽቦ አትፈልግም፤ ባትሪዋ ውስጧ ነው። መሠረቱ ላይ በቡሎን አሰርኳት። አንድ ቅዳሜ ሞተሩ ጠፍቶ ድንጋዩን ስወቅር ቀና ብል እየቆጠረች ነው! ንዝረት አይደል የምትፈልገው፤ መዶሻውን ሞተር አድርጋው። ስንት ሰዓት እንደዛ እንደቆጠረችልኝ እግዜር ይወቀው። ከዚያ ወዲህ ስወቅር ፈትቼ ኪሴ ነው የምከታት።

ሚያዝያ ላይ ጀሪካኑ አለቀ። የ500 ሰዓቱ መቀየሪያ ሲደርስ ከአንድ ሱቅ ባለ 4 ሊትር ቆርቆሮ ገዛሁ። ጽሑፉ ያው፣ መልኩ ያው። ሞተሩ ሲግል ግን ውኃ ሆነ፤ ድምፁም ደረቀ። ላምባ ላምባ ይሸታል። ክዳኑን ብመለከት ማኅተሙ በሙጫ ተለጥፏል። በ20 ሰዓቱ ደፋሁትና ሌላ ጀሪካን አስመጣሁ። ማኅተም ሳታዩ አትግዙ። ቆርቆሮው ላይ «ኤፒአይ» ከሚለው የዘይት ደረጃ ምልክት ቀጥሎ ያለው ፊደልም «ሲ» መሆን አለበት፤ «ኤስ» የቤንዚን ነው።

አሁን ክረምት እየገባ ነው። እህል ይመናመናል፣ ወፍጮውም ይቆማል። እስከ አምና «እንዳይዝግ» እያልኩ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሳው ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ዘይቱ በደንብ ሳይግል ከጠፋ ከጭሱ የመጣው ውኃ ሳይተን ይቀራል። የቆመ አውሮፕላንን ምድር ላይ ለአፍታ አስነስቶ ማጥፋት የማይመከረውም በዚሁ ነው። እውነትም አምና የመሙያው ክዳን ሥር ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ነገር ነበር፤ እኔ የዱቄት ብናኝ መስሎኝ እጠርገው ነበር። ዘንድሮ ግን 100 ሰዓቱ ሳይሞላ አሮጌውን አፍስሼ አዲሱን ሞላሁ፤ አሮጌው ዘይት ውስጥ የተጠራቀመው አሲድ ክረምቱን ሙሉ ብረቱ ላይ እንዳይተኛ። ወይ ለሰዓታት አስፈጫለሁ፣ ወይ አልነካውም። አሮጌውን ጎረቤቴ ለአጥሩ እንጨት ምስጥ መከላከያ ወሰደው።

ትናንት ጋሼ ደወሉ።

«ስንት ደረሰ?»

«612 ሰዓት፣ ጋሼ።»

«ከሱ ውስጥ ስንቱ የመዶሻ ነው?»

«አሥር ቢሆን ነው።»

«602 ብለህ ጻፍ» አሉኝና ዘጉት።