ሱሆ ወይስ ሶጁን?

የኮሪያው ዌብቱን (በኢንተርኔት የሚነበብ ኮሚክ፣ ማለትም ሥዕላዊ ታሪክ) «ትሩ ቢዩቲ» እ.ኤ.አ. በ2018 ከጀመረ ወዲህ አንባቢው ለሁለት ተከፍሏል። ለዋና ገጸ ባሕሪዋ ለጁግዮንግ የሚገባት ከሁለቱ ልጆች ማን ነው፣ ሱሆ ወይስ ሶጁን?

እኔ የሱሆ ወገን ነኝ። የሱሆ ነገር የሚጀምረው ኮሚክ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ነው። ጁግዮንግ ያለ ሜካፕ፣ የምትወደውን የሆረር ኮሚክ ፍለጋ ትመጣለች። እሱም የዚያው ዓይነት ኮሚክ ሱሰኛ ነው። ፊቷን አይቶ አልሸሸም፣ አልሳቀባትም። በመልኳ ስትሰደብ ለኖረች ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጉድለቱ ዝምታው ነው። ሲከፋው ሁሉን በሆዱ ይይዛል፤ እሷ ደግሞ ምን አጠፋሁ ብላ ትብሰለሰላለች።

ሶጁን ሞተር ሳይክል የሚነዳ፣ አፉ ሻካራ፣ ልቡ ግን ሩህሩህ ልጅ ነው። ሲያለቅሱ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ለሚፈልግ፣ ሶጁን ይበልጣል። ይሄን አልክድም።

ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። የሁለቱ ልጆች ጠብ መነሻው ጁግዮንግ አይደለችም። የጋራ ጓደኛቸው ሴዮን ሞቷል፤ ቁስሉ ከዚያ ነው። ስለዚህ «በሴት ተጣሉ» የሚለው ወሬ ያናድደኛል።

ከዌብቱኑ የተሠራውን የቴሌቪዥን ድራማ ብቻ ያየ ሰው ደግሞ ክርክሩ ግማሹ ያመልጠዋል። በዌብቱኑ ጁግዮንግ ከሶጁን ጋርም ፍቅር ትጀምራለች፤ በድራማው ግን የሶጁን ፍቅር ምላሽ ሳያገኝ ይቀራል። በሁለቱም መጨረሻ ላይ የምትሆነው ከሱሆ ጋር ነው። የሶጁን ወዳጆች እስካሁን ቅር ያላቸውም ለዚህ ነው፤ እውነታቸውን ነው።