ኮምቦልቻ ላሉት የላሜራ ባለሙያ፦ ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ

ሰላም የወሎ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው የአንድ ሰው ምስጋና ስላለብኝ ነው። መኪናው ውሃ እያስገባ የተቸገረ ካለ ደግሞ እኚህን ሰው ቢያገኛቸው ደስ ይለኛል።

ከአጎቴ የወረስኩት አጭር ላንድሮቨር አለኝ። ዓምና የወለሉንና የእግር መርገጫውን ላሜራ አንድ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርኩ። ስረከብ ያምር ነበር፣ ቀለሙም ጥሩ ነበር። ከዚያ ሐምሌ ገባ። የደሴን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። ከፒያሳ ተነስቼ ሸዋ በር ሳልደርስ ወለሉ ላይ ውሃ ይተኛል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ወደ ባቲ ስወርድ አቧራው በዚያው ስንጥቅ እየገባ ልጄን ያስላታል። ተመልሼ ብሄድ «ሲሊኮን እንጨምርበት» ብቻ ነው መልሳቸው። ሁለቴ ተጨመረ፣ ሁለቴም አፈሰሰ።

አንድ የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሹፌር ነው ወደ ጋሼ የላከኝ። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ጋሼ ምንም ሳይሉ በካቻቪቴ ጫፍ ሲሊኮኑን ነካ አደረጉት፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ ላስቲክ ክር ተግተልትሎ ወጣ። ከስሩ ነጭ ዱቄት። «ይኸውልህ ልጄ፣ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላንድሮቨር ሻሲው ብረት ነው፣ የአካሉ ላሜራ ግን አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት አጥሮ ስለነበር ነው እንዲያ የሆነው። አሉሚኒየምና ብረት ባዶውን ተነካክተው መሃላቸው ውሃ ከገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። የኔው ደግሞ በተራ የብረት ብሎን ነው የታሰረው፣ ከስር ቀለም የለ፣ ምን የለ። ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ራሱ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረት ይጎዳል፣ ቀለምም አይዝበትም። እኔ ይህን ሁሉ ከየት አውቄ!

ሥራውን አጠገባቸው ቆሜ አየሁት። አዲሱን ላሜራ ቆርጠው አስተካከሉ፣ በትራፓኖ ቀዳዳውን ሁሉ በሱ፣ እዚህም እዚያም በትንንሽ ብሎን ያዝ ያዝ አደረጉት። ልክ ገባ። አለቀ ብዬ ሂሳብ ላወጣ ስል መልሰው ፈቱት። ሙሉውን! ደነገጥኩ። «አብሽር፣ ሥራው ገና አሁን ነው የሚጀመር» አሉ። ሲበሱት የወጣው ፍቅፋቂ በሁለቱ ላሜራ መሃል ከቀረ ላሜራው አይገጥምም፣ ባልገጠመበት ውሃ ይገባል። የያንዳንዱን ቀዳዳ ከንፈር ከሁለቱም በኩል በትልቅ የትራፓኖ ፑንታ ጫፍ በእጃቸው እያዞሩ ላጩት። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ቲነር፣ ከዚያ የብረቱን ጠርዝ ጸረ ዝገት ቀቡት። እስኪደርቅ ሻይ ጠጣን።

ክፍተቱን የሚደፍኑበት ማሸጊያ ፖሊዩሬቴን ነው፣ ብዙ ሰው ሲካፍሌክስ የሚለው ዓይነት። ሲደርቅም እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ አይሰነጠቅም፣ ቀለምም ይቀበላል። ሳይቆራረጥ እንደ ገመድ አንድ መስመር አፈሰሱት፣ በቀዳዳዎቹ ዙሪያም ዞሩበት። ላሜራውን አስቀምጠው ማሸጊያው ገና እርጥብ እያለ ሪቬቱን፣ ማለትም ሁለቱን ላሜራ የሚያያይዘውን ሚስማር መሳይ ማሰሪያ፣ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር መቱት። ከዳር ከተጀመረ ላሜራው መሃል ላይ ያብጣል አሉኝ። ለ4.8 ሚሊ ሪቬት የሚበሱት 4.9 ሚሊ ነው፣ ቢበዛ 5፤ ከዚያ ከሰፋ ሪቬቱ ይላላል። ሌላም ያላሰብኩት ነገር አለ። ተራ ሪቬት መሃሉ ክፍት ስለሆነ ውሃ በራሱ በሪቬቱ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ከስር ጭቃ በሚመታው ቦታ ጫፉ የተደፈነውን ዓይነት ነው የተጠቀሙት።

በማግስቱ ልወስድ ብል እምቢ አሉ። ማሸጊያው የሚደርቀው በአየሩ እርጥበት ነው፣ በ24 ሰዓት 3 ሚሊ ገደማ ብቻ። ሦስት ቀን አሳደሩት። በአራተኛው ቀን ወለሉ ላይ በየመገጣጠሚያው ሶፍት ደረደሩ፣ እኔን የስልክ መብራት አስይዘው መኪናው ውስጥ አስተኙኝ፣ ልጃቸው ከውጭ በጎማ ውሃ ከስርም ከላይም ለቀቀበት። ሩብ ሰዓት ያህል። አንድ ቦታ በግራ በኩል የሳንቲም ያህል እርጥበት ታየ። ሁለት ሪቬት ፈልፍለው አውጥተው እንደገና ሠሩት፣ እንደገናም ውሃ ተለቀቀ። ለዚህ አንድ ብር አልጨመሩብኝም፤ ዋጋው በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ጽፈው የሰጡኝ ነው።

ስሜን አታውጣ ስላሉኝ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሂዱ። ማሸጊያ ራሳችሁ የምትገዙ ከሆነ ቱቦው ላይ ያለውን ቀን እዩ፣ ጊዜው ያለፈበት በደንብ ላይደርቅ ይችላል። እና አታጣድፏቸው፣ እባካችሁ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ያነብልዎታል ብዬ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ከትናንት ወዲያ ማታ ደሴ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፣ መኪናው ደጅ ነው ያደረው። ሶፍቱን እስካሁን ከወለሉ አላነሳሁትም። ደረቅ ነው።